«ስለ» የምትለው ቃል፦ በምዕራብ ጎጃም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሃይማኖት ጥናትን ማን ይምራው?

መግቢያ

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ የሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የትምህርት ክፍሎቹን ሲዘረዝር ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ የዜግነት ትምህርት እያለ ይወርዳል። የሃይማኖት ጥናት የሚባል ክፍል በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ኃላፊም የለውም። ከግቢው አጥር ውጭ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪው ሌሊቱን በማኅሌት ያደረ ዲያቆን ሊሆን ይችላል። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ከትምህርት በኋላ ቁርአን ለመቅራት ወደ መድረሳ የምትሄድ ልትሆን ትችላለች። ከገጠር ስንቁን ቋጥሮ መጥቶ፣ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ጓደኛቸው ደግሞ ወር በገባ በ12ኛው ቀን አባቱ በሬ እንደማይጠምድ ያውቃል፤ ለምን እንደማይጠምድ ግን አስረዳ ቢባል ይቸገር ይሆናል። ሦስቱም ባንድ ወንበር ተቀምጠው ስለ ሕዋስና ስለ ኤሌክትሪክ ይማራሉ፤ በቤተሰባቸው ሕይወት ትልቁን ስፍራ ስለያዘው ጉዳይ ግን በመምህር እየተመሩ፣ በሥርዓት የሚነጋገሩበት ሰዓት የላቸውም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዝምታው ሕጉ ያዘዘው አይደለም፤ ሕጉን ከሚገባው በላይ አጥብበን በማንበባችን የመጣ ነው። ሁለተኛ፣ ሃይማኖትን እንደ ዕውቀት መስክ የሚያጠና ክፍል ቢቋቋም ወሳኙ ጥያቄ የመጽሐፉ ይዘት ሳይሆን የኃላፊው ማንነትና አሠራር ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ለመፈለግ ደግሞ ወደ ውጭ ከማማተራችን በፊት በደጃችን ያለውን የቅኔ ቤት ልናስተውለው ይገባል።

ሁለት ዓይነት ማስተማር

አማርኛ የጉዳዩን ቁልፍ በአንዲት አጭር ቃል ያስቀምጠዋል። ሃይማኖትን ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ ስለ ሃይማኖት ማስተማር ሌላ ነው። የመጀመሪያው ተማሪውን በእምነቱ ለማነጽ የሚሰጥ ነው፤ ባለቤቶቹም ወላጆች፣ የአብነት መምህራን፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ መድረሳዎችና አጥቢያዎች ናቸው። ሁለተኛው ተማሪው የራሱም ሆነ የጎረቤቱ እምነት ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚያስተምር፣ በሥርዓትና በኪነ ጥበብ እንዴት እንደሚገለጥ፣ ማኅበረሰቡን እንዴት እንደቀረጸ እንዲያውቅ የሚሰጥ ነው። በመጀመሪያው መንገድ የተማረ ሰው የትምህርቱ ፍሬ ማመኑ ነው፤ በሁለተኛው መንገድ የተማረ ሰው ፍሬው መረዳቱ ነው፤ ቢያምንም ባያምንም ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል።

ይህ ልዩነት በሌላውም ዓለም ተፈትኗል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚደረግን የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ እንደ አምልኮ ሥርዓት ቆጥሮ ሲከለክል፣ ሃይማኖትን በገለልተኛነት እንደ ዕውቀት ማጥናት ግን የሚፈቀድ መሆኑን በዚያው ውሳኔ አመልክቷል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ፖሊሲ እምነትን ማስተማርን፣ ስለ እምነቶች ማስተማርንና በትምህርት ቤት የሚደረግን አምልኮ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አድርጋ ለየብቻ ደንግጋለች። እኛ ግን ሦስቱንም በአንድ ከረጢት ከተን «ክልክል ነው» የሚል ቋጠሮ አስረንበታል።

ሕጉ የሚለውና የማይለው

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ያዛል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣው የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የትምህርት ሥርዓቱን ከሃይማኖት ነጻ አድርጎታል። በትምህርት ቤቶቻችን ዘንድ ለዝምታው መነሻ የሚደረጉት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው።

ነገር ግን አንቀጽ 90ን ደግመን እናንብበው። ድንጋጌው የሚጠራቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሃይማኖት፣ ፖለቲካና ባህል። ፖለቲካ በዚህ አንቀጽ ስለተጠቀሰ መንግሥት፣ ምርጫና ሕገ መንግሥት የሚባሉ ነገሮችን ከማስተማር አልተቆጠብንም፤ በዜግነት ትምህርት ሰፊ ቦታ ሰጥተናቸዋል። ባህል ስለተጠቀሰም የብሔረሰቦችን ቋንቋ፣ አለባበስና የጋብቻ ሥርዓት ከመማሪያ መጻሕፍት አላወጣንም። በሁለቱ ላይ «ነጻ» ማለት «ወገንተኛ ያልሆነ» ማለት እንደሆነ ተስማምተናል። በሦስተኛው ላይ ብቻ ያው ቃል «ያልተነካ» ማለት ሆነ። አንድ ቃል በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ትርጉም እንዲይዝ ያደረግነው እኛ ነን።

የሕጉን ሌላ ገጽታም መዘንጋት አይገባም። አንቀጽ 27 ሃይማኖትን የመከተልና የመግለጽ ነጻነትን ይጠብቃል፤ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋማት የማቋቋም መብት እንዳላቸው፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ስለዚህ የሚታሰበው የጥናት ክፍል የየኔታን ወይም የሸኹን ስፍራ ሊወስድ አይችልም፤ ሊሞክርም አይገባውም። ሃይማኖትን ማስተማር የእነርሱ ነው። «ስለ» የምትለዋ ቃል የክፍሉ መብት ብቻ ሳትሆን ወሰኑም ጭምር ናት።

ከግብረ ገብ ወደ ዜግነት

የዛሬው ዝምታ ከታሪክ የመጣ ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል «ትምህርት ቤት» እና «ቤተ ክርስቲያን» ለብዙ ዘመናት ሊነጣጠሉ የማይችሉ ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ቤተ ክህነት ዘመናዊው ትምህርት እምነትን ያናጋል ብላ ስለሠጋች መምህራኑ ከግብጽ ኮፕቶች እንዲመጡ ተደረገ። ሥጋቱ ወደ ገጠሩም ዘልቋል፤ በጎጃም ሽማግሌዎች ዘንድ «አስኳላ» የሚለው ቃል ለረጅም ጊዜ ጥርጣሬ የተቀላቀለበት ነበር።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለጉዳዩ የተሰጠው መልስ ግብረ ገብ ነበር፤ ይዘቱም በአመዛኙ በክርስትና ላይ የተመሠረተ ነበር። በ1936 ዓ.ም. የወጣው ስለ ሚሲዮኖች የሚደነግገው ድንጋጌ ቁጥር 3 አገሪቱን ሚሲዮኖች ሊያስተምሩባቸው በሚፈቀዱ ክፍት አካባቢዎችና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በሚበዙባቸው አካባቢዎች ከፈላት። በዚህ አከፋፈል ሃይማኖት በትምህርት ቤት ውስጥ የግዛት ጥያቄ ሆነ ማለት ነው። የደርግ መንግሥት ግብረ ገብን አስወግዶ የማርክሲዝም ሌኒኒዝም የፖለቲካ ትምህርትን ተካ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት መጣ፤ በቅርቡ በተሻሻለው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ግብረ ገብ ወደ አንደኛ ደረጃ ተመልሶ፣ የሁለተኛ ደረጃው የዜግነት ትምህርት ሆነ።

በእነዚህ ሽግግሮች ሁሉ አንድ ነገር አልተለወጠም። እያንዳንዱ መንግሥት ትምህርቱን የተጠቀመበት ተማሪው እንዴት መኖር እንዳለበት ለመንገር ነው፤ ሰዎች በምን እያመኑ እንደሚኖሩ እንዲመረምር ዕድል የሰጠው የለም። የታሪክ ትምህርት ስለ አክሱም ክርስትና፣ ስለ ሙስሊሞቹ ስደተኞችና ስለ 16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነቶች ይናገራል። እምነቶቹ ግን የሚገቡት ከነገሥታትና ከጦርነት ጋር ነው። የሁለት ሃይማኖቶች ተከታዮች ለዘመናት በአንድ ገበያ መገበያየታቸው፣ በአንድ ዕድር መረዳዳታቸው የፈተና ጥያቄ ሆኖ አይመጣም። ተማሪው ስለ ጎረቤቱ እምነት በትምህርት ቤት የሚያውቀው ነገር በአብዛኛው የተጣላበትን ዘመን ነው። ቀሪውን ከስልኩ ይማረዋል፤ ስልኩም የሚያቀርብለት በአብዛኛው የሚከራከሩትን እንጂ የሚያስረዱትን አይደለም። የጉዳዩ አሳሳቢነት እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ዝም ሲል ትምህርቱ አይቆምም፤ መምህሩ ይለወጣል እንጂ።

ከቅኔ ቤት የሚቀሰም አመራር

ምዕራብ ጎጃም ለዚህ ውይይት ተራ ስፍራ አይደለም። ከታወቁት ሦስት የቅኔ ቤቶች ሁለቱ፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ የጎጃም ናቸው፤ ሦስተኛው ዋድላ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ያስወለዱት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል በምትገኘው በማንኩሳ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከዚህ ገጠር ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ እየተከላከለ ለትምህርት የሚወጣ ልጅ ለአንባቢ እንግዳ አልነበረምና። ትውፊቱን አለቃ ዕምባቆም ቃለ ወልድ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት በጻፉት ሥራ ዘርዝረውታል፤ ሥራው በመንግሥቱ ለማ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1970 በእንግሊዝኛ ታትሟል።

የቅኔ ቤት የእምነት ቤት ነው፤ ዓለማዊ ትምህርት ቤት እምነቱን ሊዋስ አይችልም። አሠራሩን ግን ሊማርበት ይችላል። በእኔ አስተያየት አንድ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሊወስዳቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የሥራ ክፍፍሉ ነው። የኔታ ጉባኤውን ብቻቸውን አይሸከሙም። ግስና አገባብ የበሰለላቸው ተማሪዎች አስነጋሪ ሆነው ጀማሪዎችን ያግዛሉ፤ ይህ ድጋፍ የማስተማር ሙያ መለማመጃቸውም ነው። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ደግሞ የክፍል ኃላፊ ብዙ ጊዜ የወረቀት ሠራተኛ ነው፤ የክፍለ ጊዜ ድልድልና የውጤት ቅጽ ያሰባስባል። የትምህርቱን ጥልቀት የሚያስጠብቅ፣ ጀማሪውን መምህር ከጎኑ አቁሞ የሚያሠለጥን ኃላፊ ግን ከአስነጋሪው ሥርዓት ብዙ ይማራል።

ሁለተኛው ተማሪው እንዲፈጥር መጠየቁ ነው። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲደርስ፣ ትናንት የሰማውን ዛሬ ቢደግም አልተማረም። ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል። እርማቱ የሚያርፈው በሰዋስውና በምሥጢር ላይ ነው። የተማሪው ቤተሰብ ማን እንደሆነ፣ ከየት አገር እንደመጣ በእርማቱ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለ ሃይማኖት በሚሰጥ ትምህርትም መምህሩ የሚያርመው የተማሪውን ማስረጃና አመክንዮ እንጂ እምነቱን መሆን የለበትም።

ሦስተኛው የአንድምታ ሥርዓት ነው። በመጻሕፍት ቤት አንድ ኃይለ ቃል ሲተረጎም መምህሩ አንድ ትርጉም ሰጥቶ አያልፍም፤ «አንድም» እያለ ሌላውን፣ ቀጥሎም ሌላውን ያስከትላል። ተማሪውም እያንዳንዱን በሙላት መናገር ይጠበቅበታል። እርግጥ አንድምታ በእምነቱ ወሰን ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ሁሉም ትርጉም እኩል ነው አይልም፤ የሌላውን ሃይማኖት ትርጓሜም አይሰበስብም። ቢሆንም አእምሮን የሚያሠለጥነው የሌላውን ንባብ ሳያጎድሉ ከመናገር በፊት ወደ ራስ ንባብ ባለመቸኮል ነው። ይህን ልማድ ከአያቶቹ የወረሰ ማኅበረሰብ ስለ ብዙ እምነቶች በአንድ ክፍል መነጋገር ለጠባዩ ባዕድ ነው ሊባል አይገባም።

አራተኛው ሥልጣን በዕውቀት መገኘቱ ነው። በጎጃም ዓይነ ስውርነት ሳያግዳቸው ቅኔ ያስተማሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ማስታወስ ይበቃል። በጊዜው ልማድ ሴት ለጉባኤ መምህርነት የምትታሰብ አልነበረችም፤ ተማሪዎቹ ግን ዕውቀቱ ወዳለበት ሄዱ። የአብነት ትምህርት ሌላም መልካም ልማድ አለው፤ በአንዱ ሙያ መምህር የሆነ ሰው ሌላውን ሙያ ለመማር ወደ ሌላ ጉባኤ ሄዶ ከልጆች ጋር ተማሪ ሆኖ ይቀመጣል። የሃይማኖት ጥናት ክፍል ኃላፊም በራሱ እምነት ሊቅ ቢሆን እንኳ በሌላው እምነት ተማሪ መሆኑን ማመን አለበት።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእስልምና ትምህርት ቤቶችም ይሠራል። ደረሳው ኪታብ ለመቅራት ከሸኽ ወደ ሸኽ ሲዘዋወር እንደ ቆሎ ተማሪው ሁሉ ስንቅ ከማኅበረሰቡ ነው፤ መምህርን የሚመርጠውም በዕውቀቱ ዝና ነው። የሁለቱን ትውፊቶች ተመሳሳይነት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስተማር ብቻውን ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ጥሩ ትምህርት ይሆናል።

ኃላፊው ምን ይሥራ?

ጥያቄው ወደ ተግባር ሲወርድ ራሱን የቻለ ክፍል በአንድ ጊዜ ይቋቋም ማለቴ አይደለም። አሁንም ቢሆን የሃይማኖት ጉዳይ በትምህርት ቤት ሲነሳ፣ አለባበስም ይሁን ጸሎት፣ በበዓል ቀን የወደቀ ፈተናም ይሁን በተማሪዎች መካከል የተወረወረ ክፉ ቃል፣ ጉዳዩ ቀድሞ የሚመራው ወደ ርዕሰ መምህሩ ወይም ወደ ዜግነት መምህሩ ነው። ስለዚህ በዜግነትና በታሪክ ትምህርት ክፍሎች ሥር አንድ አስተባባሪ ተመድቦ፣ በተወሰኑ ትምህርት ቤቶች በሙከራ ቢጀመር የተሻለ ነው። የአስተባባሪው ሥራ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል።

አንደኛ፣ የይዘት ዝግጅት ነው። ይዘቱ ከአካባቢው ቢጀምር ይመረጣል። የ«ፍኖተ ሰላም» ስም ራሱ ግእዝ ነው፤ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ስንት ተማሪ በየቀኑ እየጠራው ይህን ሳይጠይቅ ይመረቃል? ከዚያ ወደ ወርኀዊ በዓላት፣ ወደ አጽዋማት፣ ወደ ረመዳን፣ ወደ ሰርግና ለቅሶ ሥርዓት መሄድ ይቻላል። ቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት፣ አባይን ተሻግሮ ከመጣው ጋር የጎጃም ገበሬ የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ ንግድ እምነቶችን እንዴት እንደሚያቀራርብ ለማጥናት ከመጽሐፍ በፊት ገበያዋ አለ።

ሁለተኛ፣ የምዘና ጥበቃ ነው። እያንዳንዱ የፈተና ጥያቄ ከመታተሙ በፊት «ይህን ጥያቄ ለመመለስ ማመን ያስፈልጋልን?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ አዎን ከሆነ ጥያቄው ይወጣል።

ሦስተኛ፣ የማረጋገጫ ሥርዓት ነው። ስለ አንድ ሃይማኖት የተጻፈ ትምህርት ክፍል ከመግባቱ በፊት የዚያ ሃይማኖት ሊቅ ያንብበው፤ የሚጠየቀውም «ትስማማለህን?» ተብሎ ሳይሆን «ራስህን አወቅኸውን?» ተብሎ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1944ቱ የትምህርት ሕግ ጀምሮ የየአካባቢው አስተዳደር የቤተ ክርስቲያናትና የመምህራን ተወካዮችን ሰብስቦ የተስማሙበትን መርሐ ትምህርት እንዲያዘጋጅ አድርጋለች፤ መርሐ ትምህርቱ በመጀመሪያ ክርስትናን ብቻ የሚያስተምር ነበር፤ ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ ወዲህ ሌሎችን ሃይማኖቶችም አካቷል። ወላጅ ልጁን ከክፍለ ጊዜው የማስወጣት መብትም ተጠብቆለታል። በእኛም አገር በዞን ደረጃ የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ አባላት፣ የትምህርት መምሪያና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በአንድ ጠረጴዛ ሊቀመጡ ይችላሉ። ጎረቤታችን ኬንያ የክርስትናን፣ የእስልምናንና የሂንዱን ትምህርት ለየብቻ ትሰጣለች፤ ይህ መንገድ ሰላማዊ ነው፤ ተማሪው ግን የራሱን ብቻ አውቆ እንዲወጣ ስለሚያደርግ ለተነሣንበት ችግር መፍትሔ አይሆንም።

አራተኛ፣ የእንግዳ አቀባበል ነው። የኔታም ሆኑ ሸኽ ወደ ክፍል ተጋብዘው ትውፊታቸውን ሊያስረዱ ይችላሉ። ስብከትና ማስረዳት የሚለያዩበትን ድንበር አስቀድሞ በአክብሮት መንገር ግን የአስተባባሪው ኃላፊነት ነው፤ እንግዳው ከጀመረ በኋላ ማስቆም ለማንም አይበጅምና።

ተቃውሞዎችና ምላሻቸው

ከባዱ ተቃውሞ የቁጥር ነው። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከምዕራብ ጎጃም 2.1 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ውስጥ ከመቶው 98 ያህሉ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚቋቋም ክፍል በስሙ የሁሉም፣ በተግባሩ የብዙኃኑ መሆኑ አይቀርም ይባላል። ተቃውሞው እውነት አለው። ኃላፊው፣ መምህራኑና ከሞላ ጎደል ተማሪዎቹ ሁሉ ከአንድ ወገን ይሆናሉ። በ50 ተማሪዎች ክፍል ውስጥ አንዲት ሙስሊም ልጅ ብቻዋን ብትቀመጥ «እናንተ ስለዚህ ምን ትላላችሁ?» ተብላ የሁሉም ሙስሊም አፈ ጉባኤ እንድትሆን ልትገደድ ትችላለች። ይህ እንዳይሆን መምህሩ አንድን ተማሪ በእምነቱ ስም እንዳይጠይቅ የሚከለክል ግልጽ ደንብ ያስፈልጋል። ነገር ግን የዝምታው ዋጋ ከዚህ ያነሰ ነውን? አሁንም ብቻዋን ናት፤ ልዩነቱ አሁን ስለ እርሷ እምነት ጓደኞቿ የሚያውቁትን የሚያርም መምህር አለመኖሩ ነው። 98 በመቶ የሆነ ወገን ስለ ሌላው ማወቅ የሚያስፈልገው ሌላውን በቀላሉ ሳያውቅ መኖር ስለሚችል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአማኞች ይመጣል። ሃይማኖት ይኖሩበታል እንጂ እንደ ዕንቁራሪት ገላልጠው አያጠኑትም፤ ለውጤት የሚማሩት ነገር ቅድስናው ይጠፋል ይላሉ። ይህን ሥጋት በንቀት ማለፍ ስሕተት ነው፤ በ1900 ዓ.ም. የነበረውን ሥጋት በንቀት ያለፉ ሰዎች ትምህርት ቤትንና ቤተ ክህነትን ለአንድ ምዕተ ዓመት እንዲራራቁ አድርገዋል። መልሱ ክፍሉ ሁሉን ነገር እንደማያጠና መቀበል ነው። ሥርዓተ ቅዳሴው ከየት እንደመጣ፣ ዜማው እንዴት እንደተዋቀረ ይጠናል፤ አማኙ በቅዳሴው ሰዓት የሚቀበለው ጸጋ ግን የክፍሉ ርዕስ አይደለም፤ መምህሩም አለ ወይም የለም ብሎ የመናገር ሥልጣን የለውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የጊዜ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆች ከገበታ ርቀዋል። የሚያስተምር ሰውና የሚቀመጡበት ወንበር በታጣበት ወቅት ስለ አዲስ ክፍል መናገር ቅንጦት ይመስላል። በመጀመሪያ ልጆቹ ወደ ትምህርት ገበታ ይመለሱ፤ በዚህ አልከራከርም። ይሁን እንጂ የሚመለሱት የተከፋፈለ ነገር ሰምተውና አይተው ነው። በሚከፈተው ትምህርት ቤት ስለ ሰው ልጅ ጥልቅ እምነት ሳይፈሩና ሳይሳደቡ የሚነጋገሩበት አንድ ሰዓት ማዘጋጀት ከመልሶ ግንባታው ውጭ የሆነ ሥራ አይመስለኝም።

አራተኛው የመምህር እጥረት ነው፤ ይህ ተቃውሞ ሳይሆን ሐቅ ነው። በአገራችን የነገረ መለኮት ኮሌጆች አሉ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊሎሎጂ ትምህርት የግእዝና የዐረብኛ ድርሳናትን የሚመረምሩ ባለሙያዎችን አፍርቷል። ለሁለተኛ ደረጃ ስለ ሃይማኖቶች የሚያስተምር መምህር የሚሠለጥንበት መስክ ግን ገና አልተዘረጋም። ስለዚህ ሙከራው በአጭር የሥራ ላይ ሥልጠና መጀመር፣ ለታሪክና ለዜግነት መምህራን መሰጠት አለበት።

ማጠቃለያ

የሃይማኖት ጥናትን በሁለተኛ ደረጃ መምራት የሚችለው ሰው ሰባኪም ካህንም መሆን አይጠበቅበትም፤ ከእምነት የተላቀቀ እንዲሆንም አይጠየቅም። የሚጠየቀው የጎረቤቱን እምነት ጎረቤቱ ቆሞ ቢሰማው በማያፍርበት መንገድ ማስረዳት መቻሉ ነው። ምዕራብ ጎጃም እንዲህ ያለ ሰው የሚቀረጽበት ትውፊት አላት፤ የጎደለው ትውፊቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር የሚሻገርበት በር ነው።

በሩን ከመክፈት በፊት ግን የዚህ መጽሔት አንባቢዎች የሆኑ ተመራማሪዎች ሊመልሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የታሪክና የዜግነት መጻሕፍት ስለ ሃይማኖት የሚሉት ምንድን ነው፤ የትኛውንስ እምነት በምን ዐውድ ያነሣሉ? ከአብነት ትምህርት ቤት ወደ መደበኛ ትምህርት የሚሻገሩ ተማሪዎች ይዘውት የሚመጡት የማስታወስና የመተርጎም ችሎታ በክፍል ውስጥ ምን ይሆናል? በቁጥር ያነሱ ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው ስለ እምነታቸው የሚሰሙትን እንዴት ይገልጹታል? መምህራንስ የሃይማኖት ጥያቄ በክፍል ሲነሣ ዛሬ ምን ብለው ያልፉታል? እያንዳንዳቸው ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቁ ናቸው፤ ጥናቱም ሩቅ አገር አያስኬድም፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው መንገድ ላይ ይጀመራል።